አባቴ ሳካሪንን መድኃኒት ያደረገ ጊዜ

ዛሬ ሐኪሜ ከቦርሳዬ የወደቀውን የማጣፈጫ እንክብል አንስቶ «ይህን ስንት ዓመት ወሰዱ?» አለኝ። ለብዙ ዓመት ሲወሰድ ምን እንደሚያደርግ ገና እየተጠና ስለሆነ ቀስ በቀስ እንድቀንስ መከረኝ። እኔ ግን ሐሳቤ አባቴ ጋ ሄዶ ነበር።

በጃንሆይ ዘመን ነው። አባዬ ከጎጃም ወደ ሐረር የተዛወረ መምህር ነበር። ስኳር በሽታ ሲገኝበት በየቀኑ የሚወጋው የኢንሱሊን መርፌ ታዘዘለት፤ ከሁሉ የከበደው ግን ያለ ስኳር ሻይ መጠጣት ሆነ።

አንድ ወዳጁ ከጀጎል ሱቅ ሳካሪን የሚባለውን፣ ስኳር ሳይሆን የሚያጣፍጥ እንክብል ገዝቶ አመጣለት። አባዬ የመጀመሪያውን ብርጭቆ ሲጠጣ እንደ ልጅ ሳቀ። (እኔም አንዷን ቀምሼ ምላሴ ብረት ብረት ሲለኝ ዋለ።)

ከዚያ በኋላ መርፌውን ተወ። እናቴ ስትለምነው «መድኃኒቴ ይኸው!» እያለ እንክብሉን ያሳያታል። እየከሳ፣ ጥማቱም እየበረታ ሄደና አንድ ጠዋት ተማሪዎቹ ፊት ተዝለፍልፎ ወደቀ።

ሆስፒታል ሲነቃ ነርሷ አጠገቡ ቁጭ ብላ «ጋሼ፣ ይሄ ሻይዎን ያጣፍጣል እንጂ በሽታዎን አያክምም» አለችው።

አባዬ አልተቆጣም። «ጣፋጭ ሲመለስልኝ የዳንኩ መስሎኝ ነው» አላት። እናቴ ፊቷን አዙራ አለቀሰች።

ደግነቱ ተሻለው፤ ወደ መርፌውም ተመለሰ። እናቴ ከዚያ ወዲህ «እኔም ስኳር ጠላሁ» ብላ ያለ ስኳር አብራው ትጠጣ ነበር። ጎረቤት ቤት ስትሄድ ግን ሦስት ማንኪያ እንደምትጨምር ሰፈሩ ሁሉ ያውቃል።

በእናንተስ ቤት ጣፋጭ የተከለከለ ሰው ነበር? እንዴት አባበላችሁት?