ለብረት መሰላል የተያዘ ቃለ ጉባኤ

በዚያ ዘመን ከኤርፖርት የወጣ እንግዳ በቦሌ ሲያልፍ ቀና ብሎ የሚያነበው ቀይ ጨርቅ ካጣ አብዮቱ ማታውኑ የሚገለበጥ ይመስለን ነበር። የኛ ቀበሌ ጨርቅ አሥራ ሁለት ሜትር ነበር። የለካሁት እኔ ስለሆንኩ ሃያ ልበለው። የቀበሌው ጸሐፊ ነበርኩ፤ የተመረጥኩትም በንቃተ ኅሊናዬ ሳይሆን በእጅ ጽሑፌ ነው።

ጨርቁ በሁለት የመብራት ምሰሶዎች መሀል፣ ከሽቦው አንድ ክንድ ብቻ ዝቅ ብሎ ይሰቀል ተባለ። ጎረቤት ቀበሌ ቀድሞን ሰቅሎ ስለነበር ሊቀመንበራችን ከነሱ በታች መታየትን እንደ ክህደት ቆጠረው። መሰላሉ ከውሃ ቧንቧ የተበየደ ረጅም ብረት ነው። የሚወጣበት ሰው ደግሞ እንደ ደንባችን ከስብሰባው ከቀሩት መሀል በሙሉ ድምፅ ተመረጠ፦ የሰፈራችን አናጢ፣ የስድስት ልጆች አባት።

አናጢው መጥቶ ሽቦውን አየ፣ መሰላሉን አየ፣ የጧት ዝናብ ያጨቀየውን መሬት አየ። እምቢ ቢል «አድኃሪ» ተብሎ በእኔው ቆንጆ ጽሑፍ ሊመዘገብ ነው፤ እሺ ቢል እድሩ ድንኳን ሊተክል ነው።

ሊቀመንበሩ ግን ስጋት አይግባችሁ አለን። መብራቱን ራሱ አጥፍቶ ነው የመጣው፤ የጽሕፈት ቤታችንን ማጥፊያ ተጭኖ። ሰውየው ከልቡ ነበር፤ አምፖሉ ሲጠፋ በዓይኑ አይቷላ።

የቀበሌው ሱቅ ጣሪያ ላይ ያለው ድምፅ ማጉያ ማርሹን ያንባርቃል።

«ጓድ ሊቀመንበር፣» አለ አናጢው ቆቡን አውልቆ፣ «መብራቱ ከጠፋ ማርሹ በምን ይዘፍናል?»

«በአብዮቱ ኃይል።»

ሁላችንም በሳይንሱ ተስማማን።

አናጢው እወጣለሁ አለ። ብቻ አሠራሩን ተከትለን ሽቦው ላይ ኤሌክትሪክ እንደሌለ ቃለ ጉባኤ ይያዝ፣ ሊቀመንበሩም ፈርሞ ማኅተም ያድርግበት አለ። ያለ ቃለ ጉባኤ የስኳር ጆንያ የማይፈታበት ቀበሌ ይህን እንዴት እምቢ ይላል? የመሰላሉን እግር ከያዝነው አራት ሰዎች አንዱ እኔ ነበርኩና ልጽፍ ለቀቅኩት። ሦስቱም የምጽፈውን ሊያዩ ተከተሉኝ። መሰላሉ ምሰሶውን ተደግፎ ብቻውን ቀረ።

ጻፍኩ። ሊቀመንበሩ ብዕሩን አነሳ፣ ሽቦውን አየ፣ ብዕሩን መለሰ። «የለም» የሚለው «የለም ተብሎ ይገመታል» ተብሎ ይስተካከል አለኝ።

«በግምት አልወጣም፤» አለ አናጢው። «ልጆቼ በግምት ስድስት አይደሉም።»

ሦስተኛውን ረቂቅ ስጀምር መሰላሉ ጭቃው ላይ ተንሸራቶ አናቱ ሽቦውን ነካ። የወጣው ብልጭታ የሰፈሩን ዶሮዎች ነጭ አድርጎ አስቀርቷል ብል ማን ይመሰክርብኛል? ማርሹ «ወደ ፊ...» ላይ ተቆረጠ።

እኔ ጀግናው የሕዝብ ንብረት ላነሳ ሮጥኩ። አናጢው ኮሌታዬን ይዞ ወደ ኋላ ጎተተኝ።

«ጠፋ ብለህ ነው? መልሶ ይመጣል። ሽቦ የነካ ብረት አይነካም።»

የመብራት ሠራተኞች እስኪመጡ ድረስ ማንንም፣ ሊቀመንበሩን ጭምር፣ ሃያ እርምጃ አላስጠጋም። በሰፈራችን አንድ ሰው ሌላውን በእውነት ሲያዝ ያየሁት ያን ቀን ብቻ ነው። ሠራተኞቹ መስመሩን ቆርጠው መሰላሉን አወረዱ፤ አናቱ እንደ ሻማ ቀልጧል።

ሊቀመንበሩ መብራቱ አሁን መጥፋቱን ሦስት ጊዜ ጠይቆ አረጋገጠ። ከዚያ የመጀመሪያውን ረቂቅ፣ «የለም» የሚለውን፣ ከእጄ ወስዶ ፈረመ፤ ማኅተሙንም እፍ ብሎ መታበት።

«በል ጓድ፣ ተፈርሟል። ውጣ።»

አናጢው ወረቀቱን ቀስ ብሎ አነበበ፣ አጥፎ ደረት ኪሱ ከተተ።

«መሰላል ስታገኙ ጥሩኝ፤» አለና ሽቦ በሌለበት በኩል ወደ ቤቱ ሄደ።