ቅድሚያ ለባሰበት

ቡሬ ማኅበራዊ ጉዳይ ቢሮ ስሠራ ለችግረኞች ድጎማ መጣና ማን እንደሚቀድም ሕዝቡ ይወስን ተባለ። የቀበሌው አዳራሽ ውስጥ ለአረጋውያን፣ ለወላጅ አልባ ልጆችና ለአካል ጉዳተኞች ሦስት ሳሕን ደረደርሁ። ለእያንዳንዱ ሰው አንድ ፍሬ ባቄላ ሰጥቼ፣ «ለባሰበት ጣሉ» አልሁ።

ሽማግሎቹ «ኧረ ልጆቹ ይቅደሙ!» ይላሉ። የልጆቹ አሳዳጊዎች «በአባቶቻችን ፊት? አይሆንም!» ይላሉ። መግደርደር እንጂ የሚጥል ጠፋ። ምሳ ሳልበላ ዘጠኝ ሰዓት ሆነ።

በመጨረሻ እማማ ጥሩነሽ ተነሡና ባቄላቸውን እፊቴ ጠረጴዛው ላይ አኖሩት። ሌላውም ተከተላቸው።

«ምነው እማማ፣ ሳሕኑ እኮ ያውና!»

«ከሁሉም የባሰበትስ አንተ ነህ፤ ከስተህ አልቀሃል፣ ከእናትህ ቤት ርቀሃል፣ ሚስት የለህ።»

ቀልድ መስሎኝ አብሬ ሳቅሁ። ድጎማው ለሦስቱም እኩል ተከፈለ። እኔን ግን ጥር ሳይወጣ ዳሩኝ።