ጠቦኛል ብሎ የሰጠኝ የጉልበት መከላከያ

ይህ ነገር የገጠመኝ ባለፈው ክረምት ነው። ፊቱን አይቼው የማላውቅ ሰው ውለታ ስላለብኝ እሑድ በመጣ ቁጥር ትዝ ይለኛል።

ሥራዬ ላሞችን በሰው ሠራሽ ዘዴ ማዳቀል ነው። ሱሉልታ ዙሪያ ያለ ገበሬ ላሙ ኮርማ ስትፈልግ ይደውልልኛል። እኔም የኮርማ ዘር በናይትሮጂን ቀዝቅዞ የሚቀመጥበትን ዕቃ ሞተሬ ላይ አስሬ እሄዳለሁ። ላም ደግሞ ቀጠሮ አታውቅም። ሰዓቱ ካለፈ ሌላ ሦስት ሳምንት መጠበቅ ግድ ነው፤ ያ ሁሉ ጊዜ ለባለቤቷ ኪሳራ ነው። ስለዚህ መንገድ አማርጬ አላውቅም። በማሳውም፣ በጅረቱም፣ በዋልካ ጭቃውም እገባለሁ።

መጀመሪያ ሰሞን ሴት ሞተር ስትነዳ ያየ ሁሉ ሥራውን ትቶ ያፈጥብኝ ነበር። አሁን ለምደውኛል፤ “ዶክተሯ መጣች” ብለው በር ይከፍቱልኛል። ዶክተር እንዳልሆንኩ መናገሩ ራሱ ሰልችቶኛል።

ከክረምቱ በፊት ድንጋይ ላይ ወድቄ የግራ ጉልበቴ ተጠምዝዞ ነበር። ሐኪሙ እግሬን ወዲያ ወዲህ ካጣጠፈ በኋላ “ጅማቱ ተጎዳ እንጂ አልተበጠሰም። እንዲህ አድርገሽ ከደገምሽው ግን ሞተር የሚባል ነገር እርሺው” አለኝ። አለቃዬም ይህን ሰምቶ “እዚሁ ቁጭ ብለሽ ሪፖርት ትሠሪያለሽ፤ ምን ያስጨንቅሻል?” ማለት ጀመረ። እናቴማ ስለቷ የሰመረ ያህል ነው ደስ ያላት። እኔ ግን ቢሮ ተቀምጬ ስለ ላም መጻፍ አልችልም። ሞተሩን ካጣሁ ሥራዬን አጣሁ ማለት ነው።

የጉልበት መከላከያ ፍለጋ ወጣሁ። መጀመሪያ ፋርማሲ ገብቼ ያንን የሚለጠጠውን የጨርቅ ዓይነት ገዛሁ። ጉልበቴን ከማሞቅ ሌላ ምንም አልፈየደልኝም። ቀጥዬ ከፊት ጠንካራ ፕላስቲክ ያለውን ሞከርኩ፤ ይሄኛው ከድንጋይ ያድናል እንጂ ጉልበት ሲጠመዘዝ አይይዝም። እኔ የምፈልገው ከጭን እስከ ባት የሚደርሰውንና በሁለት ጎኑ ማጠፊያ ያለውን ነበር፤ ጉልበት ወደ ጎን እንዳይሄድ የሚይዘውን። ኮረብታ ለኮረብታ ሞተር የሚነዱ ሰዎች የሚያስሩት ነው። እነዚህ ሰዎች እሑድ እሑድ እንደ ጠፈርተኛ ተሸፋፍነው በእኛ በኩል ሲያልፉ እስቅባቸው ነበር።

ቡራዩ ውስጥ ያገለገለ የሚሸጥ ሰው እንዳለ ሰማሁና በቴሌግራም ጻፍኩለት። ሰውየው ሰላምታ እንኳ ሳያስቀድም “ጭንሽን ለክተሽ ላኪልኝ” ብሎ መለሰልኝ። ደሜ ፈላ። የስድብ መዓት ጽፌ ልልክለት ስል ታናሽ ወንድሜ አየውና በሳቅ ሞተ። ለካ መጠኑ የሚታወቀው ከጉልበት በላይ ባለው የጭን ውፍረት ነው።

ለካሁ። ግን የለካሁት ሱሪዬ ላይ ነው። የሱሉልታን ብርድ የሚያውቅ ሰው ይፈርድልኛል፤ ክረምት ላይ ከውስጥ የሹራብ ሱሪ፣ ከላይ ጂንስ ሳልደርብ ከቤት አልወጣም። “የማስረው ከሱሪዬ በላይ ከሆነ ባዶ እግሬን ምን አስለካኝ?” ብዬ አሰብኩ። ሜትሩም የቢሮ ነው፤ የከብት ደረት የምንለካበት። ቁጥሩን ላክሁለት፤ እሱም ትልቁን መጠን በታክሲ ሰደደልኝ። ከሁለት ሱሪ በላይ ሳስረው ልክክ ያለ መሰለኝ። መስታወት ፊት ቆሜ እኔም ጠፈርተኛ ሆንኩ።

በማግስቱ እሑድ አዴ ጫልቱ ደወሉልኝ። አዴ ጫልቱ ከከተማው ወጣ ብሎ፣ ኮረብታው ላይ የሚኖሩ፣ ባላቸው የሞቱባቸው ሴት ናቸው። ያለቻቸው የምትታለብ ላም አንዲት ናት። “ኮቱ ኢንታላ ኮ፣ ቶሎ ነይ ልጄ፤ ከንጋት ጀምሮ እየጮኸች ነው” አሉኝ።

ዝናቡ አባርቷል፣ መንገዱ ግን ሳሙና ሆኗል። ግጦሹን ሳቋርጥ መከላከያው ሱሪዬ ላይ መንሸራተት ጀመረ። ቆሜ ወደ ላይ ሳብኩት። ትንሽ እንደሄድኩ መልሶ ወረደ። አዴ ጫልቱ በር ልደርስ ስል የፊት ጎማዬ ዳጠ። እግሬን መሬት ላሳርፍ ብል መከላከያው ቦቲዬ አፍ ላይ ወርዶ ተሰንቅሯል፤ እግሬ አልታዘዝ አለኝ። ሞተሬን እንደታቀፍኩ ቀስ ብዬ በጎኔ ተኛሁ።

ጭቃው ለስላሳ ስለነበር ምንም አልሆንኩም። ግን በጣም ደነገጥኩ። ጉልበቴን እንዲያድንልኝ የገዛሁት ነገር ነው ሊሰብረኝ የነበረው።

ወዲያው ከኋላዬ ሌላ ሞተር መጥቶ ቆመ። ከእነዚያ ጠፈርተኞች አንዱ ነው፤ ከጓደኞቹ ወደ ኋላ የቀረ መሰለኝ። ወርዶ ሞተሬን አነሳልኝ። ሄልሜቱና መነጽሩ በጭቃ ስለተለሰኑ ፊቱ አይታይም።

“ተጎዳሽ እንዴ እህቴ?” አለኝ። ከዚያ እግሬን አየና “ይሄን ከሱሪ በላይ ነው ያሰርሽው?” አለ።

“ታዲያ የት ልሰረው?” አልኩት ተቆጥቼ። ስደነግጥ ቁጣ ይቀድመኛል።

“ገላ ላይ ነው እንጂ። ጨርቅ ላይ ይንሸራተታል፣ ከተንሸራተተ ደግሞ ከነጭራሹ ባይኖር ይሻላል። እኔ እንዲህ ሆኜ ነው ጉልበቴን ኦፕራሲዮን የተደረግኩት።”

ይህን ጊዜ አዴ ጫልቱ ድምፅ ሰምተው ወጡ። “ያ ዋቃ ኮ! አምላኬ! ወደቅሽ እንዴ?” አሉ። ላሟን እንይ ብላቸው “ላሟ ትንሽ ትቆይ። አንቺ ከተሰበርሽ ማን ሊመጣልኝ ነው?” ብለው ተቆጡኝ። ሜዳ ላይ ሱሪ አውልቆ ማሰር የማይታሰብ ነው። እጄን ይዘው ቤት አስገቡኝና በሩን ዘጉት። ሰውየው ውጭ ቀረ።

“ማጠፊያው የጉልበቷ መሃል ትክክል ላይ ይሁን!” ብሎ ከበሩ ወዲያ ጮኸ።

“ሆኗል!” አሉ አዴ ጫልቱ በእኔ ፈንታ።

“አሁን ጥብቅ አድርገው ይሰሩት!”

አዴ ጫልቱ ማሰሪያውን እስከ መጨረሻው ሳቡት። “ጥጃ እንኳ እንዲህ አይታሰርም” እያሉ ያጉተመትማሉ።

“ጣት ያስገባል?”

ሙሉ እጃቸውን አስገቡ። “ጣት ትላለህ? ድመትም ይገባል!” አሉት። ከውጭ ሲስቅ ሰማሁት።

“ትልቁን ነው የገዛችው” አለ። ቀጥሎ ማሰሪያ ሲፈታ ተሰማኝ፤ በሩ ገርበብ አለና ጓንት ያጠለቀ እጅ ሌላ መከላከያ አቀበለን። “የእኔን ትሞክረው።”

ሞከርኩት። ጉልበቴ ከተጎዳ ወዲህ እግሬ የራሴ እንደሆነ የተሰማኝ ያን ጊዜ ነው። አጠፍኩት፣ ዘረጋሁት፣ ቁጢጥ ብዬ ተነሳሁ፤ ንቅንቅ አላለም። አዴ ጫልቱ በግድ አንድ ጣት አስገቡና “ኩኖ! ይሄ ነው!” አሉ።

“በቃ እንቀያየር” አለ ሰውየው። “እኔን እሱ ጠቦኛል፤ ጭኔን ሲበላኝ ነው የሚውለው። ትልቅ ስፈልግ ነበር።”

“እውነትህን ነው ወንድሜ?” አልኩት በበሩ ስንጥቅ።

“ምን ያዋሸኛል?” አለ።

ደስታው ሌላ ጥያቄ አላስጠየቀኝም። አዴ ጫልቱ የእኔን ይዘውለት ወጡ። እኔ ሰፊውን የሥራ ቱታዬን ከላይ ለብሼ በጓሮ በር ወደ ጋጣው ሮጥኩ። እሳቸውም ትንሽ ቆይተው መጥተው ላሟን ያዙልኝ። ሥራዬን ጨርሼ ስወጣ ሰውየው ሄዷል፤ ሞተሩ ቁልቁል ሲወርድ ከሩቅ ይሰማል። ስሙን እንኳ አልጠየቅኩትም።

ክረምቱ ሳያልቅ የፈራሁት ደረሰ። አንድ ቁልቁለት ስወርድ የፊት ጎማዬ ጉድጓድ ገባና ሞተሩ ከነክብደቱ የግራ እግሬ ላይ ወደቀ። እግሬ ሊጠመዘዝ ሲል አንድ ነገር አጥብቆ ሲይዘው ተሰማኝ። መንገደኞች ሞተሩን ካነሱልኝ በኋላም ለመንቀሳቀስ ፈራሁ። ጭቃው ላይ ተኝቼ ሐኪሙን አሰብኩ፣ አለቃዬን አሰብኩ። ከዚያ ቀስ ብዬ ጉልበቴን አጠፍኩት። ዘረጋሁት። አንዱ ማጠፊያ ጎብጧል፣ ጉልበቴ ግን ደህና ነው። ተነስቼ ቆምኩና አለቀስኩ። ሰዎቹ የተሰበርኩ መስሏቸው “ሐኪም ቤት እንውሰድሽ” ቢሉኝ፣ ደስታ መሆኑን ለማስረዳት ተቸገርኩ።

በኋላ ላሟ ጽንስ መያዟን ላረጋግጥ አዴ ጫልቱ ጋ ስሄድ ይህን አወራኋቸው። ላሟ ይዛለች። እሳቸው ግን የላሟን ነገር ትተው እግሬን ያዩ ጀመር።

“ሰውየው አትንገሪያት ብሎኝ ነበር፤ ልነግርሽ ነው” አሉኝ።

“ምኑን?”

“ያንቺን ስሰጠው ሰፊ ሱሪውን ወደ ላይ ሰብስቦ አሰረው። ሰፋው። እግሩ ቀጭን ነው፣ ካንቺ እግር አይበልጥም። ቢስበው ቢስበው ይወርዳል። ‘እናቴ፣ አሮጌ ጨርቅ ያጡልኛል?’ አለኝ። የሟቹን ባሌን ሹራብ ቀድጄ ሰጠሁት፣ እሱን ጠቅጥቆ አሰረው።”

“ጠቦኛል አላለም እንዴ?”

“እኔም እንደሱ አልኩት። ‘እንደዚያ ካላልኩ አትቀበለኝም’ አለኝ።”

ኦፕራሲዮን የተደረገ ጉልበት ይዞ፣ ሹራብ በተጠቀጠቀበት መከላከያ ያንን ዳጥ ወርዷል። ምን ሊመጣበት እንደሚችል ከማንም በላይ ያውቃል፤ ለእኔ ያስረዳኝ እኮ እሱ ነው። አፈርኩ።

ቡራዩ ያለው ሻጭ የሚያውቃቸውን ሞተረኞች ሁሉ ጠይቆልኛል፤ እስካሁን ያገኘነው የለም። ለእናቴም ነገርኳት። ሞተሩን ተይ የምትለኝ እናቴ፣ አሁን ጠዋት ስትጸልይ የእኔን ጉልበት ካነሳች በኋላ “የዚያንም ልጅ” ብላ ትጨምራለች።

እኔም እሑድ እሑድ ሞተረኞቹ ሲያልፉ መንገድ ዳር እቆማለሁ። ይህቺ ሴት ምን ነካት ብለው ቢታዘቡኝም ግድ የለኝም፣ የማየው ጉልበት ጉልበታቸውን ነው። አንድ ቀን ባገኘው ስሙንም ሳልጠይቅ፣ ሰላምም ሳልለው፣ መጀመሪያ የምለው “ጉልበትህ እንዴት ነው?” ነው።