ጭስ የሌለው ከሰል

አክስቴ አስም ስላለባቸው ጭስ አይችሉም፤ የአሰላን ክረምት ደግሞ ያለ ከሰል አይችሉትም። ሐምሌ በገባ ቁጥር የምንጨቃጨቀው በበር ነበር። እሳቸው ይከፍታሉ፣ እኔ እዘጋለሁ።

ጥፋቱ የባሕር ዛፉ ከሰል ነው ብዬ ደመደምኩ። እዚህ ደጋው ላይ የሚከሰለው ቀላል ነው፤ ቶሎ ይያያዛል፣ ቶሎ አመድ ይሆናል፣ ከመሃሉም ያልበሰለ ጉማጅ አይጠፋም። የሚጨሰው እንጨቱ ውስጥ የቀረው ጋዝ እንደሆነ አንብቤያለሁ። አክሳዩ ታግሶ ካበሰለው ጋዙ እዚያው ጉድጓድ ውስጥ ወጥቶ ያልቃል። በዴራ በኩል የሚመጣው የግራር ከሰል እንዲያ ነው፦ ከባድ፣ ሲጋጭ እንደ ሸክላ የሚጮህ፣ ለመያያዝ የሚለግም፣ ከተያያዘ ግን ግማሽ ቀን ፍም ሆኖ የሚቆይ። አንድ ማዳበሪያ ገዛሁና ይህንኑ ለአክስቴ በትዕግሥት አስረዳኋቸው።

«ታዲያ በሩ ይዘጋ?» አሉ።

«ጭስ ከሌለ ምን ይውጣ ብለው ይከፍቱታል?»

ዘግቼላቸው ወደ መጽሐፌ ሄድኩ።

ከጎጃም ተመድባ የመጣች ነርስ ግቢያችን ውስጥ ተከራይታለች። ከሰዓት በኋላ ወንፊት ልትዋስ የአክስቴን በር አንኳኳች። መልስ ስታጣ ከፈተችው፤ አክስቴ ራሳቸውን ስተዋል። እኔ የደረስኩት «ጋሼ፣ እግራቸውን ያዙ» ስትል ነው። በረንዳው ላይ በጎናቸው አስተኛናቸው። አስመለሳቸው፤ ቆይተው ዓይናቸውን ገለጡ።

«ቤቱ እኮ ምንም አይሸትም» አልኳት፣ ማንም ሳይከሰኝ።

«የሚመርዘው መች ይሸታል ጋሼ» አለች፣ የልብ ምታቸውን መቁጠሯን ሳታቋርጥ። በባጃጅ ሆስፒታል ወሰድናቸው፤ ኦክስጅን ተደረገላቸው።

በእኛ አገር እንዲህ ያለውን ሞት «የከሰል ጭስ ገደለው» ይሉታል። ለማይታየው ነገር ሌላ ቃል ስላጣን ነው። ጭሱ እንኳ ሰውን አስሎ ያስወጣል። እኔ ቃሉን አምኜ ጭሱን አባረርኩ፣ የማይታየውን ገዳይ ጋዝ ግን ከአክስቴ ጋር ቤት ውስጥ ዘጋሁት።

ሲመለሱ አልተቆጡም። «የባሕር ዛፉ ባለጌ ነው፤ ግን ተናግሮ ነው» አሉ። «አንተ ያመጣኸው ጨዋ ዝም ብሎ ነው የሚሠራው።»

አሁንም የምናነደው የዴራውን ነው። ደጅ ይቀጣጠላል፣ ፍም ሲሆን ይገባል፣ በሩም መስኮቱም ክፍት ይሆናል። እኔ ካፖርቴን ለብሼ አጠገባቸው እቀመጣለሁ። ብርዱ ጠንቶብኝ ወደ በሩ ስነሣ አክስቴ ቀና ይላሉ።

«ምነው፣ ደግሞ ያነበብከው ነገር አለ?»

እቀመጣለሁ።