ሦስት ጊዜ የታጠበ ጫት

ባለፈው ቅዳሜ የልጄን ሱሪ ላጥብ ኪሱን ስገለብጥ የጫት ቀንበጥ ወደቀ። ድሬዳዋ ተቀምጦ በጫት መደንገጥ ያስቃል፤ እኔ ግን ደነገጥኩ። «በእኔ ቤት ወይ እኔ ወይ ጫት!» ብዬ ጎረቤት እስኪሰማ ጮህኩ። ልጁ ቤት አልነበረም። የጮህኩት በሱሪው ላይ ነው።

ሱሪውን ዘፍዝፌ ቁጭ ስል ድምፄ የሌላ ሰው ድምፅ መሰለኝ። የማን እንደሆነም አልጠፋኝም፤ የማዳም ሰዓዳ ነው።

ሃያ ዓመት ቢያልፈው ነው። ያኔ የምኖረው ጅቡቲ ነው፤ ዶራሌ ላይ አዲስ ወደብ እየተሠራ የከተማው መንገድ በከባድ መኪና ይጨናነቅ ነበር። እኔ የሃያ ሦስት ዓመት ልጅ ነበርኩ፤ በማዳም ሰዓዳ ቤት ተቀጥሬ እዚያው አድራለሁ። ማዳም ነርስ ነበሩ። ከጥቂት የሥራ ባልደረቦቻቸው ጋር አንድ ማኅበር አቋቁመው፣ ጫት መተው ላልቻለ ሰው ቢያንስ ጉዳቱ እንዲቀንስለት ያስተምሩ ነበር። ትምህርቱ ቀላል ነው። ሳትበላ አትቃም፤ ውኃ ጠጣ፤ ጫቱ የተባይ መድኃኒት ተረጭቶበት ይሆናልና ሦስት ጊዜ እጠበው፤ ቅመህ መኪና አትንዳ። ይህን ንግግር ወጥ ቤት ቆመው ሲለማመዱ ሽንኩርት እየላጥኩ ስለምሰማ፣ እኔም በቃሌ ይዤው ነበር።

ለሕዝቡ እንዲህ የሚሉት ማዳም ግን በገዛ ቤታቸው ሌላ ሰው ነበሩ። ባለቤታቸውን ሙሴ ፋራህን፣ በእኛ አገር አነጋገር አቶ ፋራህን፣ «ወይ እኔ ወይ ጫት» ብለው አስምለዋቸዋል። ሙሴ ፋራህም ምለዋል። ምለው ሲያበቁ በማግስቱ በር ላይ ጠብቀውኝ «ብርቄ፣ እህቴ፣ አንድ ነገር ላስቸግርሽ» አሉኝ።

ያስቸገሩኝ ነገር ይኸውላችሁ። ጫቱ ከኢትዮጵያ የሚደርሰው ከቀኑ ሰባት ሰዓት ግድም ነው። የጫት መኪኖቹ ጡሩምባ ሲሰማ ከተማው በሙሉ ይነቃል፤ ከዚያ በኋላ በዚያ ሙቀት ቢሮ የለ፣ ሱቅ የለ። ማዳም በዚያ ሰዓት ከማራገቢያው ሥር ተኝተዋል። እኔ ወደ ኻድራ፣ ካርቲየ 7 ቢስ በሚባለው ሰፈር ጥግ ላይ ጫት ወደምትቸረችረው ሴት እሮጥና በእርጥብ ጆንያ ሥር ያስቀመጠችልኝን እስር ይዤ እመለሳለሁ። ሙሴ ፋራህ ሆዳቸውን ያማቸው ስለነበር፣ የማዳም ትምህርት ከጆሮዬ አልወጣ ብሎኝ ከጓሮው ቧንቧ ሥር አጥብላቸው ነበር። ከዚያ በእርጥብ ጨርቅ ጠቅልዬ፣ ከላይ ሰላጣ ጎዝጉዤበት እሰጣቸዋለሁ። እሳቸውም «ዶሚኖ ልጫወት» ብለው ወደ ጓደኛቸው ቤት ይሄዳሉ። አራት ወር እንዲህ ኖርን። ኃጢአት መሆኑን አውቃለሁ፤ ግን ንጹሕ ኃጢአት ነበር።

ታዲያ ማኅበሩ ከጫት መሸጫዎቹ አጠገብ የውኃ ቧንቧ ተክሎ ለማስተማር ፈቃድ ጠየቀ። ሰፈሩ ለሁለት ተከፈለ። ጉዳዩ ለሽማግሌዎቹ ቀረበና በሰፈሩ አዳራሽ ክርክር ተጠራ። በጠዋቱ የተጠራው ጡሩምባው ሳይነፋ እንዲያልቅ ታስቦ ነበር፤ ግን ማን ያስጨርሰው!

የገረመኝ የተቃዋሚዎቹ ነገር ነው። ዕድሜ ልካቸውን ጫት ሲያወግዙ የኖሩ አንድ ጡረተኛ አስተማሪና ጫት ሻጮቹ ጎን ለጎን ተቀምጠው ነበር። አስተማሪው ተነሡና፣ «ይህ ማለት ሌባ ግድግዳ ሲዘል እንዳይወድቅ መሰላል ያዙለት ማለት ነው!» አሉ። ኻድራ ቀጠለች፦ «ጫቴ ቆሻሻ ነው? የታጠበ ጫት ምን ኃይል ቀረው? ለፍየል ስጡት!» ሁለቱ እርስ በርስ ሲጨባበጡ ሳይ ሳቄን ያፈንኩት በነጠላዬ ነው።

ማዳም ተራቸው ደርሶ ቆሙ። «የሚተው ይተው። የማይተወው ግን እስኪተው ድረስ ለምን ሆዱ ይቁሰል?» አሉ። ጥሩ ተናገሩ። እዚያ ላይ ቢያበቁ ኖሮ! ግን ፊት ወንበር ላይ ወደተቀመጡት ባለቤታቸው ዞረው፣ «መተውም ይቻላል። እነሆ ባለቤቴ፣ ከተወ አራት ወሩ!» ሲሉ ጭብጨባው ቀለጠ። ሙሴ ፋራህ በግማሽ ተነሥተው እጅ ነሡ። ላባቸው ይወርድ ነበር።

«አሁን ብርቄ አስተጣጠቡን ታሳያችኋለች» አሉ ማዳም።

ሳፋና ከትናንት ገበያ የተገዛ አንድ እስር ተዘጋጅቶልኛል። ደንግጬ ስለነበር እጄን ለራሱ ተውኩት። ጥፋቴ ይህ ነው። እጄ እስሩን በአንድ ጣት ፈታ፣ አራገፈ፣ ነከረ፣ አገላበጠ፣ ጨርቁ ላይ ዘረጋ፣ ጠቀለለ፤ ከዚያም ከላይ የሚጎዘጎዝ ሰላጣ ፍለጋ ጠረጴዛውን ዳበሰ።

ኻድራ ብድግ አለች። «ይቺ እጅ ዛሬ አልጀመረችም! ጫቴን በሰው ፊት ባታጥቢ ኖሮ አላወጣብሽም ነበር። በየቀኑ ከእኔ የምትወስጂው አንቺ አይደለሽም?»

ማዳም ዞረው አዩኝ። «ለማን ነው የምትወስጂው?»

ሥራዬ ብቻ ሳይሆን መኝታዬም እዚያች ቤት ነው፤ በዚያ ከተማ ሌላ የማውቀው በር የለኝም። ቢሆንም የሙሴ ፋራህን ፊት አይቼ አንጀቴ አልቻለም። «ለራሴ ነው» አልኩ።

«ያን ሁሉ? ይቺ መቃ?» አለች ኻድራ። ሰው ሁሉ ሳቀ።

ሙሴ ፋራህ በዚህ ጊዜ ሙሉ በሙሉ ተነሡ። «ልጅቷን ተዉአት። የእኔ ነው። አልተውኩም፤ ዋሽቻለሁ። ግን አራት ወር ታጥቦ ስቅም ሆዴን አላመመኝም። የታጠበው ኃይሉም ያው ነው፤ ኻድራ ውሸቷን ነው» አሉ።

ከዚህ በላይ ምን ምስክር ይምጣ? አስተማሪው ሊመልሱ አፋቸውን ሲከፍቱ የጫት መኪናው ጡሩምባ ከሩቅ ተሰማ። ሽማግሌዎቹ ባንድ ላይ ሰዓታቸውን አዩ። «የተስማማ እጁን ያውጣ!» አሉ አንደኛው። የወጣው እጅ ለቧንቧው ይሁን ለመሄድ አልተለየም፤ ብቻ ቧንቧው ተፈቀደ።

ማዳም ባሸነፉበት ቀን እንደዚያ ተዋርደው ወደ ቤት ተመለሱ። እኔ ልብሴን በሻንጣዬ ከተትኩና ወጥ ቤት ቆሜ መባረሬን ጠበቅኩ። እንባዬ ይወርድ ነበር። ገቡ። ሻንጣውን አዩ።

«ስንት ጊዜ ነበር የምታጥቢለት?»

«ሁለቴ፣ ማዳም።»

«ሦስቴ ብዬ ስናገር ጆሮሽ የት ነበር?» አሉና ወንበር ስበው ተቀመጡ። «ለሰፈሩ የማዝነውን ያህል ለእሱ አላዘንኩለትም» አሉ። «በይ ሻንጣሽን መልሺ። ከነገ ጀምሮ ምሳውን ሳይበላ እንዳትሰጪው።»

ሙሴ ፋራህ ጫት ተዉ ወይ? አልተዉም። ግን ዶሚኖው ቀረ። እቤታቸው ምሳ በልተው፣ ውኃቸውን አጠገባቸው አድርገው ይቅማሉ፤ ማዳምም እያጉረመረሙ አብረዋቸው ይቀመጣሉ። እኔ ከዚያ ቤት እስክወጣ ድረስ ማንም ማንንም ሲዋሽ አልሰማሁም።

ይህን ሁሉ ከሳፋው ሱሪ ጋር ስጨቃጨቅ አሰብኩት። ልጄ ማታ ሲገባ ምሳ ዕቃው እንዳለ ተመልሷል፤ አልበላም። ቀንበጡን ጠረጴዛ ላይ አስቀመጥኩለት። ፊቱ አመድ መሰለ።

«እማዬ ሙች፣ ለጓደኛዬ ይዤለት ነው።»

እጄ ሊነሣ ነበር፤ ያዝኩት። የምፈራለት ብዙ ነው፤ ከሁሉ የምፈራው ግን ከእኔ መደበቁን ነው።

«እሺ» አልኩት። «ለጓደኛህ ንገረው። መጀመሪያ ምሳውን ይብላ። ጫቱን ደግሞ ሦስቴ ይጠበው።»