ፓማች የተሸለተ ቀን

በእኛ ሜዳ ኤተልካን የማያውቅ ሰው የለም። ስሟን የረሳ ቢኖር እንኳ «ያቺ የኮሞንዶሮቹ ሴትዮ» ሲሉት ወዲያው ያስታውሳታል። እኔ ሊፖት ጎረቤቷ ነኝ። የእሷን ጓሮና የእኔን የንብ ቀፎዎች የሚለያቸው አንድ የግራር አጥር ነው። ወደ ውድድር ስትሄድ ውሾቿን የምትጭነው በእኔ አሮጌ መኪና ስለነበር፣ ደስታዋንም ከደስታዋ በኋላ የመጣውንም በቅርብ አይቻለሁ።

አባቷ እረኛ ነበር፤ ያገባችው አምብሩሽም እረኛ ነው። እዚህ እረኛ ያለ ውሻ አይቆጠርም። ትንሹ ጥቁር ፑሊ መንጋውን እየዞረ ይሰበስባል፣ የተባለውን ይሰማል። ትልቁ ነጭ ኮሞንዶር ግን ማንንም አይሰማም። በበጎቹ መሀል እንደ በግ ተኝቶ ይውላል፤ ባዕድ ሲመጣ ራሱ አይቶ ራሱ ይፈርዳል። ጸጉሩ እንደ ባሕታዊ ጸጉር ተጠቅልሎ፣ ገመድ ገመድ ሆኖ መሬት ይነካል። ተኩላ ቢነክሰው አፉ የሚሞላው በጸጉር ነው እንጂ ሥጋው ዘንድ አይደርስም።

የኅብረት እርሻው በፈረሰ ጊዜ በጎቹ ተሸጡ። አምብሩሽ ከዚያ ወዲያ ሰው አልሆነም። ጠዋት እንደ ልማዱ ተነስቶ፣ በትሩን ይዞ ባዶው በረት በር ላይ ይቆማል። ትንሽ ቆሞ ወደ ፓሊንካ አረቄው ጠርሙስ ይመለሳል። ጉበቱ ብዙ አላቆየውም። ሲሞት ልጃቸው ቲቫዳር ገና ተማሪ ነበር፤ ቤት ውስጥ የቀሩት እናትና ልጅ፣ ጥቂት ዶሮዎች፣ በግ የሌላቸው የበግ ውሾች ብቻ ነበሩ።

ዘመድ ሁሉ ውሾቹን አስወግጂ አላት። እንደ ጥጃ የሚበላ፣ ፖስተኛ የማያስገባ ፍጥረት ለመበለት ምን ይሠራል? እሷም ልታስወግዳቸው ልቧ ቆርጦ ነበር። በዚያው ሰሞን ግን የኮሞንዶር አርቢዎች ማኅበር ሰው የሆነው አቶ ሎራንት በመንገዱ ሲያልፍ አንዷን እንስት አየና መኪናውን አቆመ። እንዲህ ያለ አጥንት፣ እንዲህ ያለ ራስ ድሮ ቀረ ያልነው ነው ብሎ፣ ኬችኬሜት ከተማ ወደሚደረገው የውሻ ትርኢት ይዛት እንድትመጣ ለመናት።

ሄደች። የቤተ ክርስቲያን ጫማዋን አድርጋ፣ በረት በረት የምትሸት፣ ጸጉሯ በጭቃ አመድ የመሰለ ውሻ ይዛ ሜዳው መሀል ቆመች። የሌሎቹ ውሾች እንደ በዓል ልብስ ነጥተዋል። ዳኛዋ ጥርስ ለማየት እጇን ስትዘረጋ ውሻዋ አጉረመረመች፤ ዳኛዋም ወደ ኋላ ሸሸች። ከአጥሩ ውጭ የቆመ አንድ ጎረምሳ «እማማ፣ ምንጣፉን ከነአቧራው ይዘሽው መጣሽ?» አላት፤ ሰው ሁሉ ሳቀ። ስንመለስ ይህንን ራሷ እየሳቀች ነው የነገረችኝ። እኔ ግን አብሬያት ስቄ ሳበቃ ፊቷን አየሁት። ሳቅ አልነበረበትም።

ከዚያ በኋላ ሥራዬ ብላ ያዘችው። የኮሞንዶር ጸጉር በማበጠሪያ አይደፈርም። ገመዶቹ ወደ ሥሩ እንዳይጣበቁ በጣት አንድ በአንድ ይሰነጠቃሉ። ሲታጠብም እያንዳንዱ እንደ ስፖንጅ ይጨመቃል፣ ከዚያ በአየር ማራገቢያ ፊት ቀንና ሌሊት ይደርቃል። በደንብ ካልደረቀ ውስጡ ይሻግታል፣ የዓመታት ድካም ገደል ይገባል። የኤተልካ አውራ ጣቶች ተሰነጣጥቀው ክረምት ከበጋ ይደሙ ነበር። ውሾቹ አሜኬላ እንዳይዙ፣ ጭቃ ላይ እንዳይተኙ ጣውላ አነጠፈችላቸው። ሜዳውን የሚያዩት በአጥር ቀዳዳ ሆነ።

ማሸነፍም ጀመረች። ከአልጋዋ በላይ ባለው መደርደሪያ ዋንጫ በዋንጫ ላይ ተደረደረ። በውድድሩ ሜዳ ውሻዋን ይዛ ስትሮጥ ያየኋት ጊዜ፣ ያቺ ወገቧ የጎበጠ ሴት መሆኗን ማመን አቃተኝ። እግሯ መሬት የሚነካ አይመስልም። ሰዎች በስሟ ጠርተው ይጨብጧታል፣ ከፊንላንድና ከስዊድን መጥተው ቡችላ ይለምኗታል። በሕይወቷ ሙሉ የእገሌ ልጅ፣ የእገሌ ሚስት እየተባለች ኖራ፣ በራሷ ስም የተጠራችው እዚያ ብቻ ነበር።

ቲቫዳር ይህን ሁሉ ከጠረጴዛው ማዶ ሆኖ እያየ አደገ። ክፉ ልጅ አልነበረም፤ ዝምተኛ ነበር። አንድ ምሽት እኔም ጉያሽ የሚባለውን የሥጋ ወጥ ተጋብዤ አብሬያቸው ስበላ፣ እናቱ በግራ እጇ ማንኪያ ይዛ በቀኟ እግሯ ሥር የተኛውን ውሻ ጸጉር ትሰነጥቃለች። ቲቫዳር አይቷት አይቷት «እማዬ፣ የእኔን ራስ እንዲህ የዳበስሽው መቼ ነው?» አላት። እሷ ቀልድ መስሏት «አንተም ዋንጫ አምጣና ልዳብስህ» አለችው። እሱም ፈገግ ብሎ ዳቦውን ቆረሰ።

ትምህርቱን እንደ ጨረሰ ኦስትሪያ ሄደ። የወለል ንጣፍ ሠራተኛ ሆነ፤ እጁ የተባረከ ነው ይሉ ነበር። መጀመሪያ ለገና ይመጣ ነበር፣ በኋላ በስልክ ብቻ ሆነ፣ በኋላ ስልኩም ሳሳ። ኤተልካን ለምን እንደቀረ ጠይቂው ስላት፣ ሥራ በዝቶበት ነው ትለኛለች።

ፓማች የተወለደው ቲቫዳር ከሄደ በኋላ ነው። በዕድሜዋ ካሳደገቻቸው ሁሉ የሚበልጥ ውሻ ነበር። አራተኛ ዓመቱን ሲጨርስ ጸጉሩ መሬት ይጠርግ ጀመር፤ ሲሄድ እግሩ አይታይም፣ ነጭ ጋቢ ብቻውን የሚራመድ ይመስላል። አቶ ሎራንት ቡዳፔስት የሚደረገውን ትልቁን የመከር ውድድር ይህ ውሻ ካላሸነፈ ዳኝነት የለም ይል ነበር።

ውድድሩ በቀረበ ሳምንት ኤተልካ ፓማችን አጠበችው። ከጓሮ ባለው ማድቤት ማራገቢያዎቹን አስነስታ፣ ከጎኑ በርጩማ ላይ ተቀምጣ ገመዶቹን እየጨመቀች ታደርቀው ነበር። ጸሐይዋ ሞቃት ናት፣ ማራገቢያው ያጉረመርማል፣ እሷም እንቅልፍ ስላልነበራት እጇን በጸጉሩ ውስጥ እንዳደረገች አሸለበች።

ቲቫዳር የመጣው በዚያች ሰዓት ነው። አልደወለም፣ ሊያስደስታት ፈልጎ ነበር። ልጅ ሳለ እንደሚያደርገው ዋናውን በር ትቶ በግራሩ አጥር ክፍተት ገባ፤ በአንድ እጁ የኬክ ካርቶን ይዞ ነበር። እንደ ልጅነቱ አፏጨላት። በማራገቢያው ድምፅ አልሰማችውም። ማድቤቱ በር ላይ ሲደርስ ጎንበስ ብሎ ትከሻዋን ሊነካ እጁን ዘረጋ።

ፓማች አልጮኸም። ኮሞንዶር ባዕድ አጠገቡ ከደረሰ አይጮህም። ኤተልካ በኋላ እንደነገረችኝ የነቃችው ጸጉሩ ከጣቶቿ መሀል ተስቦ ሲወጣ ነው።

እኔ ጩኸቱን ሰምቼ ከቀፎዎቹ ሮጬ ስደርስ ልጁ መሬት ላይ ነበር። ውሻው ቀኝ ክንዱን ከአንጓው በላይ ይዞታል። ኤተልካ አንገቱ ላይ ተንጠልጥላ ስሙን ትጠራለች፤ አይሰማም። እኔ በባልዲ ውሃ ደፋሁበት፣ በአካፋ እጀታ መታሁት፤ ከዚያ ጸጉር በታች ምት መድረሱንም እንጃ። በመጨረሻ ኤተልካ የራሷን እጅ በውሻው ጥርስና በልጇ ክንድ መሀል አስገባች። የእሷን ሥጋ ሲቀምስ ለቀቀ።

ኬችኬሜት ሆስፒታል ሐኪሞቹ የሚችሉትን አደረጉ። ክንዱ ይድናል፣ ጣቶቹ ግን ከእንግዲህ አይጨበጡም አሉ። ኤተልካ በጨርቅ የተጠቀለለ እጇን ደረቷ ላይ አድርጋ አልጋው አጠገብ ተቀመጠች። እኔ በሩ ላይ ቆሜያለሁ።

«አላወቀኝም» አለ ቲቫዳር። «ምን አድርጎ ያውቀኛል?»

ማልቀስ ጀመረች። እሱ ጣሪያውን እያየ ነው።

«ውሻው ምንም አላጠፋም፣ እማዬ። ሥራውን ነው የሠራው። እዚያ ቤት እንግዳው እኔ ነኝ» አለ። ቆይቶ ደግሞ «ላገባ ነው። እሱን ልነግርሽ ነበር የመጣሁት» አላት።

ወደ ቤት በእኔ መኪና መለስኳት። ቢረግመኝ፣ ቢሰድበኝ ይሻለኝ ነበር ያለችኝ ከወራት በኋላ ነው።

ሰው የነከሰ ውሻ እብደት እንደሌለበት እስኪታወቅ ከግቢ አይወጣም፤ የእንስሳት ሐኪሙ እየመጣ ያየዋል። ውድድሩ በዚያው አለፈ። ፓማች ግን ከአገጩ እስከ ደረቱ የልጁን ደም ተሸክሞ ነበር። ኤተልካ በቀዝቃዛ ውሃ አጠበችው፣ በኮምጣጤ አጠበችው። ላይ ላዩ ነጣ። ገመዶቹን ስትሰነጥቃቸው ውስጣቸው እንደ ዛገ ብረት ቀልቶ ይታያል።

አንድ ጠዋት ጠራችኝ። የአምብሩሽን የበግ መሸለቻ መቀስ ይዛ ቆማለች። እንዲህ ያለ ጸጉር ዳግም ለማሳደግ የውሻ ግማሽ ዕድሜ ይፈጃል፤ ደም ያለበትን ብቻ ቁረጪ፣ ሌላውን ተይው ብዬ ለመንኳት። «ያዝልኝ» አለችኝ።

ውሻው አልታገላትም። ገመዶቹ እየተቆረጡ ጣውላው ላይ ሲወድቁ እንደ እርጥብ ልብስ ድምፅ ያሰሙ ነበር። ስትጨርስ ከክምሩ መሀል የቆመውን ፍጥረት ሁለታችንም አላወቅነውም። ጎድን አጥንቱ የሚቆጠር፣ ቆዳው ሮዝ፣ ወገቡ የቀጠነ ውሻ ነው። ዓይኖቹ ለመጀመሪያ ጊዜ ታዩ። ጥቁርና የዋህ ናቸው። እኛን ትክ ብሎ አየንና ወደ ጥግ ሄዶ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዞረ።

«ይህን ያህል ትንሽ ኖሯል?» አለች። ከዚያ መሬት ላይ ተቀመጠች።

አቶ ሎራንት ቤቷ ድረስ መጣ። ውሻው የተወለደለትን ነው ያደረገው፣ ጸጉርም ይበቅላል፣ የሚወስዱት ሰዎች ፊንላንድ አሉ፣ ይህ ደም ከጠፋ አይገኝም እያለ እንዳታስገድለው ለመናት። ሻይ ቀዳችለት፣ እስኪጨርስ ሰማችው፣ ሸኘችው። ሐኪሙም ጤነኛ ነው አለ፤ በብረት አጥር ከተያዘ መኖር ይችላል፣ ውሳኔው የአንቺ ነው አላት። እሷ ለቲቫዳር ደወለች። ምን ላድርገው ብላ ጠየቀችው። ልጁ «እንደመሰለሽ» ብሎ ዘጋው።

ያንን አንድ ቃል ስትገለብጠው ሰነበተች። ውሻው ከሌለ ይመጣል ብላ ራሷን አሳመነች መሰለኝ። ሐኪሙ ሲመጣ የፓማችን ራስ ጭኗ ላይ ያዘች። ውሻውም መርፌው ሲገባ የተሰፋ እጇን ይልስ ነበር። ጉድጓዱን የቆፈርኩት እኔ ነኝ፤ ጸጉሩንም አብረን ቀበርነው።

ቲቫዳር አልመጣም። ንጣፍ መያዝ ስላልቻለ መጋዘን ውስጥ በአንድ እጁ ዕቃ የሚደረድር ሆነ አሉ። በፀደይ አገባ። ኤተልካ ሠርጉን ያወቀችው የእህቷ ልጅ በስልኳ ፎቶ ስታሳያት ነው። ፎቶውን ብዙ ጊዜ አየችው። ሙሽራዋ በቀኙ በኩል ቆማ ክንዱን በእቅፍ አበባ ሸፍናዋለች።

እኔ አላስችል ብሎኝ አንድ ጊዜ ደወልኩለት። ውሻው እኮ የለም፣ እናትህ ብቻዋን ናት አልኩት።

«አጎቴ ሊፖት» አለኝ በለሆሳስ፣ «ግደይው አላልኳትም። አሁን እሱም የለም ሲሉኝ ምን ልበል? ደስ አለኝ ልበል?»

ከዚያ በትሕትና ደኅና ይዋሉ ብሎኝ ዘጋው።

የቀረችው አሮጌ እንስት ውሻም በዚያው ክረምት ሞተች። ኤተልካ ጓሮ መውጣት ተወች። ዋንጫዎቹን አቧራ ለበሳቸው። ሾርባ ስወስድላት ትቀበለኛለች፣ በማግስቱ ስመለስ ሳህኑ እንዳለ አገኘዋለሁ።

ባለፈው መከር አቶ ሎራንት በኮቱ ሥር አንድ ቡችላ ይዞ መጣ። ፓማች ሳይሞት ከሌላ ቤት እንስት የወለዳት ውሻ ልጅ ነው፤ ከዘሩ ያልተሸጠው ይኸው ብቻ ነበር። ጸጉሩ ገና ያልተጎነጎነ፣ እንደ በግ ግልገል የተጠቀለለ ነው። ጭኗ ላይ አስቀመጠላት። ቡችላው አገጯን ላሳት፣ ዞሮ ዞሮ ተኛ። ጣቶቿ ጸጉሩ ላይ አረፉ። እኔና ሎራንት ተያየን፤ ለአፍታ ተስፋ ያደረግን ይመስለኛል።

ከዚያ ቡችላውን ብድግ አድርጋ መለሰችለት።

«ደግ ነህ፣ አቶ ሎራንት» አለች። «ግን ከማን ሊጠብቀኝ ነው? የሚመጣ የለም እኮ።»

ሎራንት ቡችላውን መልሶ ኮቱ ውስጥ አስገባና ወጣ። መኪናው ውስጥ ገብቶ ሞተሩን ሳያስነሳ ብዙ ተቀመጠ። እኔ ተመልሼ ስገባ ኤተልካ እዚያው ወንበር ላይ ነበረች። ቡችላው ቀሚሷ ላይ የተወውን ጥቂት ነጭ ጸጉር በጣቷ እየለቀመች ወደ ምድጃው ትጥል ነበር።