የበዓል ቀን ሹራብ

በእኛ ቤት ሹራብ መሥራት ሥራ ነው ወይስ ጨዋታ የሚለው ጥያቄ ለዓመታት ሳይፈታ ኖሯል። ባለቤቴ ጨዋታ ነው ይላል። አማቴ ሥራ ነው ይላሉ። እናትና ልጅ በሌላው ነገር ሁሉ ይስማማሉ፤ የተለያዩት በዚህ ብቻ ነው፤ የልዩነታቸውን ፍሬ የምለቅመው ግን እኔ ነበርኩ። ባለቤቴ ጨዋታ የሚለው በሥራ ቀን ነው፤ ጨዋታ ደግሞ በማንኛውም ሰዓት ሊቋረጥ ስለሚችል በሥራ ቀን መሥራት አልችልም። አማቴ ሥራ የሚሉት በበዓል ቀን ነው፤ በበዓል ደግሞ ሥራ ስለማይሠራ በበዓልም መሥራት አልችልም። ከሁለቱ ውጭ የተረፈ ቀን ካለ እኔ አላጋጠመኝም።

የምንኖረው ሐረር ጀጎል ግንብ ውስጥ፣ ከፈላና በር ገባ ብሎ ነበር። ጊዜው ጣሊያን ከወጣ ብዙ ዓመት ካለፈ በኋላ፣ በጃንሆይ ዘመን ነው። ባለቤቴ ከግንቡ ውጭ በሚገኝ አንድ የመንግሥት መሥሪያ ቤት ጸሐፊ ነበር። አያቱ ከሸዋ ዘምተው መጥተው እዚሁ የቀሩ ሰው ናቸው፤ አማቴም ባላቸው ከሞቱ ወዲህ አብረውን ይኖሩ ነበር። ልጆቻችን አራት ናቸው። ሹራብ መሥራት የተማርኩት ልጃገረድ ሳለሁ፣ ትምህርት ቤት፣ በእጅ ሥራ ክፍል ነው። ከዚያ ትምህርት ቤት ካስተማሩኝ ሁሉ የቀረኝ እሱ ብቻ ነው።

በዚህች ሙያዬ ቤተሰቡን ሁሉ አልብሻለሁ። ለባለቤቴ ካልሲ፣ ለልጆቹ ቆብ፣ ለአማቴ የወገብ ማሞቂያ ሠራሁ። ለባለቤቴ ወንድም ሳይቀር ወፍራም ሹራብ ሠርቼ ልኬለታለሁ። የባለቤቴ ወንድም የሚኖረው ድሬዳዋ ነው። ድሬዳዋ ውስጥ ሹራብ የለበሰ ሰው ከታየ ወባ ይዞታል ማለት ነው፤ ቢሆንም ጠየቀኝ፣ ሠራሁለት፤ ሞቀኝ ብሎም ጻፈልኝ።

አንድ ቀን ፈረስ መጋላ አደባባይ፣ ከአንድ ዓረብ ሱቅ ደጃፍ ላይ፣ የሮማን ፍሬ የመሰለ ቀይ የሱፍ ክር ተሰቅሎ አየሁ። ቆሜ ቀረሁ። ሐረር ኅዳርና ታኅሣሥ ጠዋት ጠዋት ብርዱ ቀልድ አያውቅም፤ እኔ ደግሞ ለቤቱ ሁሉ ሙቀት ሳድል ራሴ በአንድ ነጠላ ነበር የምንቀጠቀጠው። ይህ ክር የእኔ ነው አልኩ። ለራሴ አንድ ሹራብ እሠራለሁ፤ እጅጌ ያለው፣ ከፊት የሚቆለፍ፣ ማንም «ይቺ ለእኔ ትሁን» የማይላት። ከዚያ በፊት ለራሴ ብዬ ነገር ፈልጌ ስለማላውቅ ፍላጎቱ ራሱ አስደነገጠኝ። ልጅ የሰረቅኩ ይመስል ክሩን ከነጠላዬ ሥር ሸጉጬ ገባሁ።

ሥራ ቀን ላይ ጀመርኩ። ትልልቆቹ ልጆች ትምህርት ቤት ሄደዋል፣ ባለቤቴ ምሳውን በልቶ ጋደም ብሏል፣ አማቴ ፀሐይ ይሞቃሉ። መርፌዎቹን ይዤ ገና አንዱን ረድፍ ሳልጨርስ፣

«ቁጭ ካልሽማ እስቲ ውሃ አቀብይኝ» አለ ባለቤቴ።

«ቁጭ ካልሽማ» የምትለዋን ቃል እዚህ ላይ ላስተዋውቅ። በእኛ ቤት ትእዛዝ ሁሉ በእሷ ይጀምራል። ቁጭ ካልሽማ ይህቺን ቁልፍ ስፊልኝ። ቁጭ ካልሽማ ሕፃኑን ያዢው። ቁጭ ካልሽማ ተነሺና በሩን ማን እንደሚያንኳኳ እዪ። ስሮጥ ስውል ማንም አይጠራኝም፤ ምናልባት ስለማይደርሱብኝ ይሆናል። መቀመጤ ሲታይ ግን የቤቱ ሰው ሁሉ ጉዳዩ ትዝ ይለዋል። ተመልሼ ስመጣ የትኛው ረድፍ ላይ እንደነበርኩ ይጠፋኛል፤ ሁለት ረድፍ ሠርቼ ሦስት እፈታለሁ። በዚያ አካሄድ ሹራቡ ከቀን ወደ ቀን እያነሰ ይሄድ ነበር።

መርፌዎቹም ቢሆኑ የእኔ ብቻ አልነበሩም። ባለቤቴ የተደፈነ የውሃ መውረጃ ይጎረጉርባቸዋል። ወንዶቹ ልጆች ይሞሻለቁባቸዋል። አማቴ እጃቸው የማይደርስበትን ጀርባቸውን ያኩባቸዋል፤ «ለዚህ እንኳ ጥሩ ነገር ነው» እያሉ። ሹራብ መሥራት ራሱ ብቻ ነው ከመርፌዎቹ ጥቅም መካከል ያልተቆጠረው።

በዓል ሲመጣ ደግሞ ተስፋ አደርጋለሁ። ባለቤቴ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ጓደኞቹን ፍለጋ ይወጣል፣ ልጆቹ ይበተናሉ። አንድ የማርያም ዕለት መርፌዎቹን ብድግ ባደርግ አማቴ ደረታቸውን ደቁ።

«ኧረ በስመ አብ! በእመቤቴ ቀን መርፌ? ምን ልታመጪብን ነው?»

«እማዬ፣ ጨዋታ ነው እኮ። ልጅዎ ራሱ ጨዋታ ነው ይላል።»

«እሱ ምን ያውቃል? ከመርፌና ከክር ልብስ እየወጣ ሥራ ካልሆነ ምን ሊሆን ነው?»

ክርክራቸው ትክክል ነበር፤ ያናደደኝም እሱ ነው። በዚያው ዕለት ጠዋት ከዶሮ ጋር ስታገል፣ ሽንኩርት ስከትፍ፣ ለአሥር እንግዳ ወጥ ስሠራ፣ ከዚያም የአሥሩን ሳህን ሳጥብ ነው የዋልኩት። ያ ሥራ አይደለም። በዓል ማክበር ነው። ሥራ የሆነው እግሬን አጥፌ መቀመጤ ነው። አማቴ ደግሞ የማያከብሩት በዓል የለም። ሚካኤል፣ ገብርኤል፣ ጊዮርጊስ፣ ኪዳነ ምሕረት፣ መድኃኔ ዓለም፤ ወሩ ተጠራርጎ ያልቃል።

ነገሩን ለነፍስ አባታችን አቀረብኩ። ቤታችን ጠበል ሊረጩ መጥተው፣ ጠላ ቀርቦላቸው፣ ሁለተኛውን ብርሌ ሲጨርሱ ነው የጠየቅኳቸው። አባ ነገሩን በጥሞና አሰቡበት።

«ለማን ነው የምትሠሪው?»

«ለእኔ ነው አባ።»

አባም አማቴም የሚቀረውን ዓረፍተ ነገር የሚጠብቁ ይመስላሉ።

«ለነዳያን ቢሆን» አሉ በመጨረሻ፣ «ምጽዋት ነውና በበዓልም አይከለከልም። ለራስ ሲሆን ግን ልጄ፣ ሥራ ነው።» ከዚያ ጉልበታቸውን አሻሹ። «እኔም እንግዲህ ቅዳሴ ላይ በባዶ እግር ስቆም ብርዱ...»

በሚቀጥለው በዓል፣ በጠራራ ፀሐይ፣ አማቴ ፊት ተቀምጬ የአባን ካልሲ ሠራሁ። አማቴ ልጆቹን «ዝም በሉ፣ እናታችሁ የጽድቅ ሥራ ላይ ናት» እያሉ ያባርሩልኝ ነበር። እንዲህ ያለ ፀጥታ በዚያ ቤት ውስጥ ሰምቼ አላውቅም። ሮማን ቀለሙ ክር ግን ሣጥን ውስጥ ተኝቷል፤ እኔም እንደ ልማዴ በነጠላዬ እንቀጠቀጣለሁ።

ከዚህ ያወጣችኝ ጎረቤቴ ናት። ሐረሪ ናት፤ ግቢያችንን የሚለየው አንድ የድንጋይ አጥር ነው። ከሰዓት በኋላ ሁለት ሦስት ሴቶች እሷ ዘንድ ይሰበሰቡና በነደባው፣ ማለት በዚያ ከፍ ብሎ በተሠራው ቀይ መደብ ላይ፣ የሣር ስፌታቸውን ይሰፋሉ። አንድ የማርያም ዕለት ብሶቴን ነገርኳት። ሳቀች፣ ከልቧ ሳቀች።

«አቦ፣ ምን ያስቸግርሻል? ሲቲ መርየምን እኛም እናከብራለን፣ ወላሂ። በዓሏ ግን በናንተ በር ነው የገባው፣ በኛ በር አልገባም። እኛ ቤት ዛሬ ተራ ማክሰኞ ነው። ክርሽን ይዘሽ ነይ።»

ስለ ሃይማኖት እንዲህ ያለ ግልጽ ትምህርት ከማንም አግኝቼ አላውቅም። ከዚያ ወዲያ በዓል በመጣ ቁጥር «ጎረቤት ልጠይቅ» ብዬ እወጣለሁ። በበዓል ቀን ጎረቤት መጠየቅን የሚከለክል አማት የለም፤ የሚያስመሰግን ነው እንጂ። ክሬና መርፌዎቼ እዚያው ክዳን ባለው ስፌት ውስጥ ይቀመጡልኝ ነበር።

እዚያ ቤት ያየሁትን ማመን አቃተኝ። ባሏ ከእርሻው ደክሞት ይመጣል፤ ሚስቱ ስፌት መያዟን ያያል፤ ራሱ ውሃውን ቀድቶ ይጠጣል። ልጆቹ «እናቴ» ብለው ይገቡና ስፌቱን ሲያዩ ተመልሰው ይወጣሉ። ምን አስማት ብታደርጊባቸው ነው ብዬ ጠየቅኳት።

«ለሠርግ ነው እላቸዋለሁ» አለች። «ሙሽራ ስትዳር ግድግዳዋ በስፌት መሞላት አለበት። ለልጃችን ሠርግ ነው ካልኳቸው ማን ይናገረኛል?»

«መቼ ነው ሠርጉ?»

በአገጯ አመለከተችኝ። ሙሽራዋ ምንጣፉ ላይ እየዳኸች የራሷን ጫማ ትበላ ነበር።

«ኢንሻአላህ ታድጋለች» አለች ጎረቤቴ፣ ፊቷ ሳይለወጥ። «አንቺ ለማን ነው ሲሉሽ ለእኔ ትያለሽ። እሱ መልስ ነው እንዴ? እኔ ይኸው ከተዳርኩ ጀምሮ የምወደውን እሰፋለሁ፣ ግድግዳዬ ላይ ሰቅዬ አየዋለሁ፣ ማንም አይነካብኝም። አንቺም አንድ ነገር በይ፣ ትገላገያለሽ።»

ምክሩን ተቀበልኩ። ማንም ከመጣ «ለባለቤቴ እናት ነው» እላለሁ ብዬ አዘጋጀሁ። ጀርባው አለቀ፣ ፊቱ አለቀ፣ አንድ እጅጌ አለቀ። የቀረኝ አንድ እጅጌ ነበር። አንዳንዴ ያለቀውን ትከሻዬ ላይ ጣል አድርጌ የጎረቤቴ መስታወት ፊት እቆማለሁ፤ ደስታው ያሳፍረኝ ነበር።

በታኅሣሥ፣ ከቁልቢ ገብርኤል ሁለት ቀን በኋላ፣ የማርያም ዕለት ነው። እጅጌውን ልጨርስ ጥቂት ሲቀረኝ፣ በሩ ላይ «ቤቶች!» የሚል ድምፅ ሰማሁ። አማቴ ናቸው። ዘመዶቻችን ከቁልቢ መልስ እቤት ወርደው ኖሮ ሊጠሩኝ መጥተዋል። የምሸሽግበት ጊዜ አልነበረም። ቀዩ ሹራብ ጭኔ ላይ ነው፣ መርፌዎቹ እጄ ላይ ናቸው፣ ቀኑ ሃያ አንድ ነው።

ሴቶቹ ሁሉ መስፋታቸውን አቆሙ። ጎረቤቴ ተነሥታ «እማማ፣ ይግቡ፣ ይግቡ፣ ምን በር ላይ ያቆምዎታል» ብላ አስቀመጠቻቸው። አማቴ ጫማቸውን አውልቀው፣ ነጠላቸውን ሰብስበው ነደባው ላይ ወጡ። በግድግዳው ላይ የተደረደረውን ስፌት አንድ በአንድ አዩት። ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ።

«ለማን ነው?»

ያዘጋጀሁት ውሸት ምላሴ ላይ ነበር። ጎረቤቴም በዓይኗ በይው፣ በይው ትለኛለች። ለእርስዎ ነው ብዬ ብናገር ተመርቄ እወጣ ነበር። ግን እሱን ካልኩ ሹራቡ የእሳቸው ይሆናል፤ መልሼ መቀበል አልችልም። ሁለት ዓመት ሙሉ አጥር እየተሻገርኩ የሠራሁት በአንድ ቃል ይሄዳል።

«ለእኔ ነው እማዬ» አልኩ። «ለራሴ ነው።»

እጃቸውን ዘረጉ። ሰጠኋቸው። ከእነመርፌው ገለባበጡት፣ ሥራውን በአውራ ጣታቸው ዳሰሱት፣ ያለቀውን እጅጌ አንስተው ከክንዴ ጋር ለኩት። ክንዴ ላይ ጋት ያህል ጎደለ።

«ይህ ለምን አጠረ?»

«ክሩ... የሚተርፈው ለትንሹ ልጅ ቆብ ይወጣዋል ብዬ ነው።»

እንደሚቆጡ እርግጠኛ ነበርኩ። ሲናገሩ ግን ድምፃቸው ዝቅ ብሎ ነበር፤ ለእኔ ይሁን ለሴቶቹ ወይስ ለራሳቸው፣ አላውቅም።

«እኔም አንድ ጊዜ ለራሴ ብዬ የፈተልኩት ነጠላ ነበር። ክሩ ፀጉር ይመስል ነበር፣ ቅጥነቱ። ሸማኔው ሠርቶ ባመጣው ሳምንት የባሌ እህት ተዳረች። ለእሷ ይሁን ተባለ። የእኔ ነው ማለት አፈርኩ። አንድ ቀን እንኳ ትከሻዬ ላይ ጣል አድርጌ አላየሁትም።»

እኔ የማውቃቸው አማቴ ከእነ ነጠላቸው የተወለዱ ይመስሉኝ ነበር፤ ፈልገው ያጡት ነገር ይኖራል ብዬ አስቤ አላውቅም።

ሹራቡን መልሰው ጭኔ ላይ ጣሉት።

«ፍቺው» አሉ።

«ምኑን?»

«እጅጌውን ነዋ። ሁለቱንም። አስረዝመሽ ሥሪው፣ እስከ እጅ አንጓሽ ድረስ ይድረስ። ሕፃኑ ቆብ ሞልቶታል።»

«ዛሬ?»

«ዛሬ። ነገ ደግሞ ሌላ ነገር ይመጣል።»

ጫፉን ፈልጌ ሳብኩት፤ እጅጌው ረድፍ በረድፍ ይፈታ ጀመር። አማቴ የሚፈታውን ክር ተቀብለው በጣታቸው ላይ ይጠቀልሉት ጀመር፤ እጃቸው እንዴት ፈጣን ነበር! እኔ ግን ዓይኔ በሩ ላይ ነው። ከአጥሩ ወዲያ የእንግዶቹ ድምፅ ይሰማል፤ ባለቤቴ ስሜን እየጠራ ነው።

«እማዬ፣ እንግዶቹስ? እጃቸውን የሚያስታጥባቸው እንኳ የለም እኮ።»

አማቴ ከክሩ ላይ ቀና አላሉም።

«ልጄ እቤቱ አይደለም እንዴ?» አሉ። «ያስታጥባቸው።»